ስልክ የምታነሳው መኪና

የአዳማ ሰው መርዶ የሚነገረውን ሰው ወደ ቤተሰቡ የሚያደርስ ሾፌር ሲፈልግ ዲበኩሉ ጋ ይደውላል። ዲበኩሉ ይህን ሥራዬ ብሎ አልያዘውም፤ ማስታወቂያም አልለጠፈም። አንዱ ለአንዱ ሲነግር፣ ያኛውም ለሌላው ሲያቀብል እዚህ ደረሰ። «እሱን ጥሩት፣ ፊቱ ምንም አይናገርም» ይሉታል። እውነት ነው፤ ምንም አይናገርም።

መቼም አገሩ ያውቀዋል፤ ሰው ሲሞት ለቅርብ ዘመዱ በስልክ አይነገርም። «እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ብቅ በል» ተብሎ፣ አጃቢ ተመድቦለት ይመጣል። ቤት ሲደርስ ሽማግሌው ተቀምጦ፣ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ነው ነገሩ የሚነገረው። ችግሩ እስከዚያ ያለው መንገድ ነው። አጃቢው ፊቱን አዙሮ እንባውን ሲጠርግ ይታያል፤ ሾፌሩ ደግሞ «አይዞሽ፣ የዚህ ዓለም ነገር እንዲህ ነው» ብሎ ያፈርጠዋል። ዲበኩሉ ግን አይዞሽ አይልም። ሙዚቃ አይከፍትም። በመስታወት አይቶ ዓይኑን አይሰብርም። መኪናው የኤሌክትሪክ ስለሆነች እሷም ድምፅ የላትም። ባለፉት ሁለት ዓመታት አንድ መምህር ወደ ባቱ፣ ሁለት እህትማማቾች ወደ አሰላ፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ወደ ሻሸመኔ እንዲሁ አድርሷል። አንዳቸውም መንገድ ላይ አላወቁም። እሱም ሲመለስ መኪናዋን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ እራቱን በልቶ ይተኛል።

ሰዎች ይህን እንደ ትልቅ ችሎታ ያወሩለታል። ችሎታ አይደለም። ዲበኩሉ ደንዝዟል፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ተወልዶ ያደገው ምንጃር ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ አዳማ ገብቶ የከባድ መኪና ረዳት ሆነ። ከዚያ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ሃያ ስድስት ዓመት ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴነር አመላለሰ። ያኔ የሚያውቁት ሳቂታ ነበር ይላሉ። ጋላፊ ኬላ ላይ ሰልፉ ሲረዝም ከመኪናው ወርዶ የፈታሾቹን አረማመድ እያስመሰለ ሾፌሩን ሁሉ ሆዱን ያስይዝ ነበር። አረጋሽ የምትባል ልብስ ሰፊ አግብቶ ሶሲን ወለደ። አረጋሽ ድንገት ራሷን ስታ ወድቃ የሞተችው የዛሬ አራት ዓመት፣ እሱ መንገድ ላይ እያለ ነው። ሳይደርስ ተቀበረች።

አላለቀሰም። አርባዋ ወጣ፣ ተዝካሯ ወጣ፣ አላለቀሰም። መጀመሪያ ቻይ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ጨካኝ ነው ተባለ፤ በመጨረሻ ሰውም ሰለቸውና ተወው። እሱ ራሱ ሲያስበው ቻይም ጨካኝም አልነበረም። በቃ፣ አልነበረም። ወጥ ላይ ጨው መብዛቱን የሚያውቀው ሶሲ «አባዬ፣ ይሄን እንዴት በላኸው?» ስትለው ነው። ሶሲ አሁን አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች፣ «ደህና ነኝ» ይላታል፣ ትዘጋዋለች።

ከባዱን መኪና የተወው አረጋሽ ከሞተች በኋላ ነው። የቤንዚን የቤት መኪና ማስገባት ሲከለከል አገሩ ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ዞረ፤ ዲበኩሉም አብሮ ዞረና ከመጡት ሁሉ ዝቅ ያለችውን፣ ስታንዳርድ የሚሏትን ገዛ። ፉል ኦፕሽኑ ስልክ ያለ ሽቦ ቻርጅ ያደርጋል፣ መሪው ላይ ስልክ ማንሻና መዝጊያ አለው፣ ሲያናግሩት እንኳ ይመልሳል። በእሱ መኪና መሪ ላይ ግን ቁልፍ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ በጥቁር ላስቲክ ተደፍኗል። የተራው ሾፌሮች «ፋብሪካው ቁልፉን አስቀርቶ ቀዳዳውን ብቻ ላከለት» እያሉ ይቀልዱበታል። ዲበኩሉ አይስቅም፣ አይቆጣምም።

ያላት አንድ ብሉቱዝ ነው። ሙዚቃውም ስልኩም በዚያው ነው፤ እሱም የሚታዘዘው በስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ በቻይንኛ ነው። ሶሲ መጥታ ስልኩን ከመኪናዋ ጋር አገናኘችለት። «አባዬ፣ ከላይ አራተኛው መስመር፣ ቤት የሚመስለው ፊደል። እሱን ነካ፣ ከዚያ የስልክህን ስም ነካ» አለችው። ሁለት ነገር ግን እሷም አቃታት። አንደኛው፣ መኪናዋ በአንድ ጊዜ ከአንድ ስልክ ጋር ብቻ ነው የምትገናኘው፤ ከምታውቃቸው ስልኮች ቀድሞ የደረሰውን ትይዝና ሌላውን በሩን ትዘጋበታለች። ሁለተኛው፣ ስልክ ሁለቴ ከጠራ ማንም ሳይነካት ራሷ ታነሳለች፤ የደዋዩም ድምፅ በአራቱም በር ይለቀቃል። ይህን የሚያጠፋው መስመር የትኛው እንደሆነ የሠሯት ቻይናዎች ይወቁት። ዲበኩሉ ብዙም አልተጨነቀበትም። እሱ ጋ የሚደውል ሰው ጥቂት ነው፤ የሚደብቀው ወሬም የለውም። ብቻ ለመርዶ መንገድ ሲወጣ የራሱን ስልክ ብሉቱዝ ይዘጋል። እዚህ ላይ ተሳስቶ አያውቅም።

ጂቱ ጫምሳ ደንበኛው ናት። አዳማ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ሆና ትሠራለች፤ ቤተሰቧ መቂ ነው፤ በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ዓርብ ያደርሳታል። ጴንጤ ናትና ያለ መዝሙር መንገድ አይሆንላትም። ዲበኩሉ ኦርቶዶክስ ነው፤ ቢሆንም ምንም ስለማይመስለው ስልኳን ከመኪናዋ ጋር እንድታገናኝ ፈቀደላት። ከዚያ ወዲህ ገና በሩን ከፍታ ስትገባ መዝሙሩ ይጀምራል። መቂ ሲደርሱ አባቷ ኦቦ ጫምሳ ከዘራቸውን ይዘው በር ላይ ይጠብቋታል። ወንድሟ ገመዳ የሽንኩርት ደላላ ነው። እህቱን ሊቀበል ሲወጣ «ጋሼ፣ ይቺን ለቤት» እያለ ሽንኩርት በፌስታል የኋላ ወንበር ላይ ይጥልለታል፤ እምቢ ሲለው አይሰማም።

ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኦቦ ጫምሳ ራሳቸው ደወሉ። ገመዳ በሞተር ሳይክል ሲሄድ ሽንኩርት ከጫነ መኪና ጋር ተጋጭቶ ሞቷል።

«ጂቱን አምጣልኝ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ቀጥ ብሎ ነበር። «አባትሽን ደም ግፊቱ ተነሳበት በሏት ብያለሁ። ጎረቤቷ ማርቲ አብራት ትመጣለች። መንገድ ላይ ማንም ትንፍሽ እንዳይል። እናታቸው የሞተች ጊዜ የነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ አሁንም እኔ ነኝ። እጇን ይዤ ነው የምነግራት። ሰማኸኝ ዲበኩሉ?»

«እሺ» አለ ዲበኩሉ።

ስልኩን ዘግቶ ሻዩን ጨረሰ። ገመዳን አስቦ ያዝን እንደሆነ ጠበቀ፤ አላዘነም። የስልኩን ብሉቱዝ ዘጋና ወጣ።

ማርቲ ደግ ሴት ናት፤ ውሸት ግን አልታደለችም። ዓይኗ ቀልቷል። «ጉንፋን ነው» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። የጂቱን ስልክ «የኔ ካርድ አልቋል፣ አንዴ» ብላ ተቀብላ፣ ድምፁን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች። ጂቱ የሥራ ጫማዋን እንዳደረገች ከበሩ ወጣች፤ ማርቲ ጎንበስ ብላ የተፈታውን ክር አሰረችላት። ጂቱ ከላይ ሆና አየቻት።

«ግፊቱ ስንት ሆነ አሉሽ?»

«ሁለት መቶ… ሁለት መቶ ምናምን ነው ያሉት።»

«ታቹስ?»

«ታቹም ያው ነው» አለች ማርቲ።

ነርሷ ጎረቤቷን ትንሽ አየቻትና ሌላ ሳትጠይቅ ከፊት ወንበር ገባች። ማርቲ ከኋላ ተቀመጠች። ዲበኩሉ ተነሳ። ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሿ ሰማያዊ ምልክት በርታለች፤ ጂቱ በገባች ቁጥር ስለምትበራ ዓይኑ ለምዷት አላያትም።

ወደ ሞጆ በሚወስደው በድሮው መንገድ ጉዞው ጸጥ ያለ ነበር። ከባድ መኪናዎቹ በተርታ ይመጣሉ፣ ያልፋሉ። ጂቱ «መዝሙር ይከፈት» አላለችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፊት ለፊት ታያለች። ዲበኩሉ ይህ መልካም ነው ብሎ አሰበ፤ የማትጠይቅ ሰው ለማድረስ ቀላል ናት። እንዲህ እያሰበ ሳለ መኪናዋ ጮኸች።

የጥሪ ድምፅ ነው፤ ከአራቱም በር። ስክሪኑ ላይ «ዳሊያ ክሊኒክ» ይላል። የዲበኩሉ ጣት ከሐሳቡ ቀድማ ቀዩን ነካች፤ ሁለተኛው ሳይጠራ ዘጋው።

«ዳሊያ ናት፣ የሥራ ባልደረባዬ» አለች ጂቱ። «ስልኬ ነው እንዴ የጠራው? ማርቲ፣ አንቺ ጋ ነው አይደል?»

«አዎ… ድምፁን አጥፍቼው ነበር…» አለች ማርቲ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን አቅፋ።

ሞኝ፣ አለ ዲበኩሉ በልቡ፤ ማርቲን ይሁን ራሱን አልለየም። ድምፁ የጠፋ ስልክ መኪናዋ ላይ ይጮሃል። ዳሊያ ለምን እንደምትደውል ግልጽ ነው፤ ወሬው ክሊኒክ ደርሷል። አንዴ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ቢያልፈው «ጂቱዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ» የሚለው ቃል በአራቱም በር ይወጣና ልጅቷ እዚሁ መንገድ ላይ ታውቃለች።

«ልደውልላት» አለች ጂቱ።

«የመኪናዋ ስልክ ተበላሽቷል» አለ። «ስትደርሺ ትደውያለሽ።»

ፊቱን አየችው። ምንም አላገኘችበትም። መልሳ ወደ መንገዱ ዞረች። ሁለት ኪሎ ሜትር ሳይሄዱ ዳሊያ እንደገና ደወለች፤ እንደገና ቀዩን ነካ። ጣቱ ላይ ላብ ነበረ። ከመቼ ወዲህ ላብ እንዳላበው ማስታወስ አቃተው።

ሞጆ እንደደረሱ ዳር ይዞ ቆመ። «ጎማ ልይ» አለና ወረደ፤ ማርቲንም «ውሃ ግዢልን» ብሎ አወረዳት። ከመኪናዋ ኋላ ሆነው ቆሙ።

«ስልኩን አጥፊው።»

«ሞከርኩ ጋሼ፣ ለማጥፋት የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል፤ አላውቀውም።» እንባዋ መጣ። «ምን ላድርገው? ልጣለው?»

ዲበኩሉ አሰበ። ቀስ ብሎ ነው የሚያስበው፤ ግን ያገኘዋል። መኪናዋ የምትይዘው አንድ ስልክ ነው። የእሱን ከያዘች የጂቱን አታስገባም። ማርቲን ቦርሳውን ይዛ ከመንገዱ ማዶ ካለው ሱቅ እንድትቆም ነገራትና ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሰማያዊዋ ምልክት ስትጠፋ ጠበቀ። ከዚያ የስልኩን ብሉቱዝ ከፍቶ ስክሪኑ ላይ ከላይ አራተኛውን መስመር፣ ቤት የሚመስለውን ፊደል ነካ፤ ቀጥሎ የራሱን ስም። ምልክቷ መልሳ በራች። ማርቲ ሦስት ጠርሙስ ውሃ ይዛ ስትመለስ በሩ በጂቱ ስልክ ላይ ተዘግቶ ነበር።

ደስ አለው። ትንሽ ነው፣ ግን ደስ አለው፤ እሱም ታወቀው። እሱ ጋ ደግሞ ማን ይደውላል?

ከሞጆ የመንገድ ክፍያ ካርድ ወስደው ወደ ፍጥነት መንገዱ ገቡ። የቆቃ ውሃ በግራ በኩል ታየና ቀረ። ፀሐዩ ከፍ አለ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ትሄዳለች። ጂቱ ከውሃው አንድ ጊዜ ጎንጨት ብላ ክዳኑን መልሳ ዘጋች።

«ጋሼ ዲበኩሉ» አለች በመጨረሻ።

«አቤት።»

«አባቴ ዛሬ ጠዋት ራሱ ነው የደወለልዎት?»

ይህን ከዚህ በፊት ማንም አልጠየቀውም፤ ለመርዶ ያደረሳቸው አራቱም ሲጠይቁት የነበረው «ደህና ናት አይደል?» ነበር። ራሳቸው ናቸው ቢል ታማሚው ሰውዬ እንዴት ደወሉ ትላለች። «ከቤት ነው የደወሉት» አለ።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከሽፋሽፍቷ ሥር ግን እንባ ወረደ፤ አልጠረገችውም። ዲበኩሉ አየና ገባው። አባቷ የሞቱ መስሏታል። ከአዳማ ጀምራ በልቧ እየቀበረቻቸው ነው። ሊላት የሚችለው አንድ ቃል አልነበረም፤ አባትሽ በሕይወት አሉ ቢላት፣ ታዲያ ማን ነው ትለዋለች።

መቂ መውጫ ላይ ካለው የክፍያ ጣቢያ ደረሱ። ዲበኩሉ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ በግራ እጁ ካርዱን አቀበለ፤ በቀኙ ብሩን ከሸሚዙ ኪስ እያወጣ ነበር። መኪናዋ ጮኸች። አንድ። ብሩን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። ሁለት። ጣቱ ስክሪኑ ጋ ሲደርስ መኪናዋ አንስታው ነበር።

«ሄሎ! ዲበኩሉ!»

የኦቦ ጫምሳ ድምፅ ነው። ስልክ ላይ እንደሚጮኹ ሽማግሌዎች ሁሉ ይጮኻሉ፣ ካርድ እንዳያልቅባቸው ቶሎ ቶሎ ይናገራሉ። ጂቱ ዓይኗን ከፈተች። «አባዬ!» አለች፤ ከአፏ ሳይሆን ከትንፋሿ ነው የወጣው። ፊቷ በራ። ዲበኩሉ በዕድሜው እንደዚያ የበራ ፊት አላየም።

«ልጅቷ አልሰማችም አይደል? ሳጥኑ መጥቷል። ገመዳን አስገብተነዋል፣ እሷን ነው የምንጠብቀው። ማንም እንዳይነግራት…»

ቀዩን ነካ። ጸጥ አለ።

«መልስዎን፣ አባባ» አለች ሒሳብ ተቀባይዋ። ተቀበለ። መከለያው ተነሳ። ትንሽ ነዳና ዳር ይዞ ቆመ።

ማርቲ ከኋላ በሻርፗ አፏን አፍናለች። ጂቱ አልጮኸችም። ብርሃኑ ከፊቷ የወጣበት ፍጥነት ነው ዲበኩሉን የመታው። አፈረ። እውነተኛ ኀፍረት፣ እንደ ልጅ። ያ ሁሉ መጠንቀቅ፣ ያ አራተኛ መስመር፣ ያ ቤት የሚመስል ፊደል፣ ሁሉም ለዚህ ሆነ። ዳሊያ ብትነግራት እንኳ ይሻል ነበር።

«ጂቱ» አለ። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። የራሴን ስልክ ነው ያስገባሁት።»

አንድ ጋሪ ቲማቲም ጭኖ አለፋቸው።

«ጋሼ፣ ዘግተውበታል» አለች ጂቱ ቀስ ብላ። «መልሰው ይደውሉለት።»

«ምን ብዬ?»

«አልሰማችም ብለው።»

ዲበኩሉ ዞሮ አያት።

«ራሱ ነው የነገረኝ። ስልክ ደውሎ፣ እየጮኸ፣ በመኪና ነገረኝ። ይህን ካወቀ አይተርፍም፤ ከገመዳ ይልቅ ይህ ነው የሚገድለው። አላውቅም። እሱ እስኪነግረኝ ድረስ አላውቅም። ይደውሉ።»

ደወለ። ሽማግሌው ገና በመጀመሪያው አነሱት፤ ድምፃቸው መኪናዋን ሞላው።

«ምነው ዘጋህብኝ? ሰማች እንዴ?»

ዲበኩሉ ጂቱን አየ። ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፤ አልሰማችም በል ማለቷ ነው።

«መስመሩ ነው የተቋረጠው፣ ኦቦ ጫምሳ። አልሰማችም።»

«ዋቃ ይስጥህ። ምን ታደርጋለች?»

«ተኝታለች።»

«ተዋት፣ ትተኛ» አሉ ሽማግሌው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ተሰበረ። «ትንሽ ትተኛ ልጄ።»

ጂቱ የእጇን ጀርባ ነክሳ ይዛ ነበር። ስልኩ እስኪዘጋ አልለቀቀችውም።

ከዚያ እስከ ቤት አሥር ደቂቃ ነው። በመስታወቱ ፊቷን አይታ ጠረገች፣ ፀጉሯን አስተካከለች። ማርቲን «ጉንፋንሽን ያዢው» አለቻት፤ ማርቲም ያዘችው። ግቢው በር ላይ ወንዶች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪናዋን ሲያዩ ተነሱ። ጂቱ እንደማያውቅ ሰው ወረደች። «ምን ሆናችኋል? አባዬ የት ነው?» አለች። ዲበኩሉ ሰምቷታል። እንዲህ ያለ ጉልበት ከየት እንደሚመጣ እያሰበ በሩን ይዞ ቆመ።

ኦቦ ጫምሳ ከዘራቸውን ለሌላ ሰጥተው መጡ። ሁለት እጇን ያዙ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉ። ጊዜ ወሰዱ። ገመዳ ከየት ወዴት ሲሄድ እንደነበር፣ ማን እንዳነሳው፣ እስትንፋሱ የት ላይ እንዳለቀ አንድ በአንድ ነገሯት፤ እጇን አንዴም ሳይለቁ። እሷም ፊታቸውን እያየች እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። ሲጨርሱ ነው የጮኸችው። ሦስት ሰው ያዛት፤ ቀድሞ የያዛት ግን አባቷ ነበሩ። ከአግዳሚው አንዱ ለሌላው «ደህና አድርገው ነገሯት» ሲል ዲበኩሉ ሰማ።

ቀብሩ በዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዲበኩሉ እንደ ሌላው ጊዜ አልተመለሰም፤ ለምን እንደቆየ አላወቀም። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ ለኦቦ ጫምሳ ጎንበስ አለ። «እግዚአብሔር ያጽናዎት፤ ልሂድ ብዬ ነው።»

«ቁጭ በል» አሉት። ከአጠገባቸው ቦታ አስለቀቁለት። «አደራዬን አድርሰሃል። እኔ እስክነግራት አላወቀችም፤ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።» ዲበኩሉ መሬት መሬቱን አየ። ሽማግሌው እንደ አገራቸው ወግ፣ ሐዘን ላይም ቢሆን የሰውን ቤት ሳይጠይቁ አይለቁምና ጠየቁ። «ልጆች ደህና? ከብት የለህም፣ መኪናህ ደህና ናት። ባለቤትህስ ደህና ናት?»

«የለችም። አራት ዓመት ሆናት።»

«ማን ነገረህ?»

ዲበኩሉ ጥያቄው አልገባውም ነበር። ቆይቶ ነው የገባው። «ሚሌ ነበርኩ፣ ኮንቴነር ጭኜ። የስምሪት ሠራተኛው ደወለ፤ የሰማሁ መስሎት ‹ነፍስ ይማር፣ የባለቤትህን ሰማን› አለኝ። ከዚያ የኮንቴነሩን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ዕቃውን አደረስኩ። ሞጆ አስረክቤ ማኅተም አስመታሁ።»

«ቤት ስትደርስ ማን ነገረህ ነው የምልህ።»

«ሰምቷል ብለው ነው መሰለኝ…» ቆመ። «ማንም አልነገረኝም።»

ኦቦ ጫምሳ የደከሙ ሰው ናቸው፤ ልጃቸውን ከቀበሩ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ከዘራቸውን መሬት ላይ አስተኙ። ወደ እሱ ዞረው ሁለቱን እጆቹን ያዙ፤ መዳፋቸው ሻካራና ሞቃት ነበር።

«ስሟ ማን ነበር?»

«አረጋሽ። ድንገት ነው፣ እቤት ወድቃ።»

«ዲበኩሉ ልጄ» አሉ፣ ጊዜ ወስደው፣ ዓይኑን እያዩ። «አረጋሽ ሞታለች። እቤቷ ወድቃ ነው የሞተችው። አንተ መንገድ ላይ ነበርክ። ቀብረናታል።»

ዲበኩሉ መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። በሁለቱም እጆቹ የሽማግሌውን እጅ ጨምቆ፣ ወደ ጉልበታቸው ተደፍቶ፣ ትከሻው እስኪነቃነቅ ጮኸ። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት ሴቶች ለገመዳ መስሏቸው አብረውት አለቀሱ።